«የመስቀል ጦርነት» ወይስ «የመስቀል ዘመቻ»?

ጥያቄ፦ ታሪክ ሳነብ አንዱ ጋ «የመስቀል ጦርነት»፣ ሌላው ጋ «የመስቀል ዘመቻ» ይላል። ትክክሉ የቱ ነው?

መልስ፦ እኔ «ዘመቻ» ነው የምለው። «ጦርነት» ሁለት ወገን ይፈልጋል። «ዘመቻ» ግን ስንቅ ይዞ ከአገር መነሣትን ይነግረናል፤ ነገሩም የተጀመረው እንዲያ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኖቬምበር 1095 የሮማው ፖፕ ኡርባን 2ኛ ፈረንሳይ ውስጥ ክሌርሞን ላይ ጉባኤ ጠሩ። ለክብር ወይም ለገንዘብ ሳይሆን በእምነት ብቻ ኢየሩሳሌምን ከሙስሊሞች እጅ ነጻ ሊያወጣ የሚሄድ ሰው፣ ጉዞው እንደ ቀኖና እንዲቆጠርለት ተወሰነ። «ቀኖና» ያልኩት ለንስሐ የሚሰጠውን ነው። ሰዎቹ ስእለት ተሳሉ፤ ልብሳቸው ላይ የጨርቅ መስቀል ሰፉ። የዘመኑ የላቲን ጸሐፊዎችም ነገሩን «ጉዞ»፣ ሄያጆቹን «ተሳላሚዎች» ይሉ ነበር።

«ዘመቻ ዛሬ የጽዳትና የችግኝ ተከላ ቃል ሆኗል፤ ያን ሁሉ ደም ያቀልለዋል» የሚሉ አሉ። አልቀበልም። «ዘመተ» ሲባል ጦርና ጋሻ የማይታየው ማን ነው? ይልቅ «ጦርነት» ሲባል ፖለቲካው ይሸፈናል። የምሥራቁ የሮማ መንግሥት ቢዛንታይን በ1071 ማንዚከርት ላይ በሰልጁቅ ቱርኮች ድል ከተመታ ወዲህ አናቶሊያን (የዛሬዋን ቱርክ ምድር) እያጣ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ አሌክሲዮስ 1ኛ ከምዕራቡ ወታደር ለመኑ። ኡርባን ደግሞ ከጀርመኑ ንጉሥ ከሄንሪ 4ኛ ጋር ተጣልተዋል፤ ሄንሪ የራሱን ፖፕ ሾሟል። በዚህ መሐል የአውሮፓን መኳንንት ማስከተት የቻለ ፖፕ፣ ቃሉ የሚሰማው የማን እንደሆነ አሳየ ማለት ነው።

አረቦቹስ ምን አሉ? በጊዜው መስቀልን አላነሡም። የመጡባቸውን «ኢፍራንጅ» አሏቸው፤ ፍራንኮች ማለት ነው። የኛ «ፈረንጅ» ዘሩ ከዚያው ነው። በአረብኛ «የመስቀል ጦርነቶች» የሚለው ስም የገባው ዘግይቶ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከአውሮፓ ቋንቋ ተተርጉሞ ነው።

ለሰዎቹም ቢሆን ጥሩ ስም አላገኘንላቸውም። «መስቀለኛ» እንዳንል ቃሉን መንገዱና ጥያቄው ወስደውታል። «የመስቀል ዘማቾች» ደስ ይለኛል፤ ሕዝቡ ግን «የመስቀል ጦረኞች» ይላል።

እንግዲህ «የመስቀል ጦርነት» በመማሪያ መጻሕፍትም በዜናም ሥር ሰዷል። ስሕተት ነው ብዬ አልሰርዝብዎትም። ከጻፉት ግን ቢያንስ «ጦርነቶች» ይበሉት፤ በ1099 ኢየሩሳሌም ከተያዘች በኋላ በ1291 በእጃቸው የቀረችው የወደብ ከተማ አካ እስክትወድቅ ድረስ ስንቴ ተመላልሰውበታል።