ቦርሳ አይቆፈርም

ትርጉም ሥራ ለምትጀምሩ ልጆቼ፤

ከእንግሊዝኛ ወደ ፈረንሳይኛ መተርጎም በጀመርኩ ሰሞን «ዴልቭ» የሚባል ግስ አሳፍሮኛል። አንዲት ሴት እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ቁልፍ ትፈልጋለች፤ እንግሊዝኛው ይህንን «ዴልቭ» ይለዋል። መዝገበ ቃላት ገለጥኩ፤ መጀመሪያ ላይ «መቆፈር» የሚል አገኘሁና «ክረዜ» ብዬ አለፍኩ። አራሚዬ ነገረኛ ሽማግሌ ነበሩ። «ቦርሳው ተቀደደ እንዴ?» ብለው በቀይ ጻፉልኝ።

«ክረዜ» የወጣው ጎድጓዳ ከሚለው ቃል ነው፤ ጉድጓድ ሳያበጅ አይሄድም። ለውኃ ጉድጓድ ይሆናል፣ ጠለቅ ተብሎ ለሚመረመር ጥያቄም ይሆናል። እጅ ዕቃ ሲያገላብጥ ግን ቃሉ «ፉዬ» ነው፤ ፖሊስ ሰው ሲፈትሽም፣ አርኪዮሎጂስት የጥንት ከተማ ከምድር ሲያወጣም ያው ነው። እዚህ ላይ ዝግ በሉ፤ አንዲት መስተዋድድ ሰው ታስጠረጥራለች። «ፉዬ» ቦርሳውን በቀጥታ ተሳቢ ሲያደርገው ነገሩ ወደ ፍተሻ ያደላል። መካከሉ ላይ «ዳን»፣ ማለትም «ውስጥ»፣ ከገባ ግን ሴትዮዋ ቁልፏን እየፈለገች ነው። በእኛም ቋንቋ ቢሆን መፈተሽ፣ መበርበርና ማገላበጥ መቼ አንድ ሆነው ያውቃሉ?

እኔ አሁን ግሱን ከማየቴ በፊት ምን እንደሚቆፈር አያለሁ። መዛግብት ከሆኑ ፈረንሳይኛ ቁፋሮውን ትቶ ይጠልቃል፤ «ስ ፕሎንጄ» ይላል። «በዚህ ምዕራፍ እንዲህ ያለውን ጉዳይ እንቆፍራለን» ለሚል ደራሲ ደግሞ «ስ ፓንሼ»፣ ጎንበስ ብሎ ማየት፣ ይበቃዋል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንዲህ ያለው ደራሲ አብዛኛውን ጊዜ አካፋ አልያዘም።

አካፋ የያዘም አለ። በ1381 እ.ኤ.አ. በተነሣው የእንግሊዝ ገበሬዎች አመፅ የሚታወቀው ቄስ ጆን ቦል፣ አዳም ሲቆፍር ሔዋን ስትፈትል ጌታው ማን ነበር ብሎ ሰበከ ይባላል። የእርሱ ግስ ያው «ዴልቭ» ነው፤ የሚቆፈረው ግን የእርሻ አፈር ነውና ፈረንሳይኛው «ቤሼ» ይሆናል።

የ«ዴልቭ» ጎረቤት የሆነው የእንግሊዝኛው «ራመጅ»፣ ዕቃ እያተራመሱ መፈለግ፣ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለበት። እንግሊዞች የወሰዱት ከፈረንሳይኛ ነው፤ ያኔ ትርጉሙ በመርከብ ሆድ ውስጥ ጭነት መደርደር ነበር። ዘመዱ «አሪሜ» ዛሬም በፈረንሳይኛ ጭነት አስተካክሎ ማሰር ነው። ዝምድናውን አምናችሁ «ራመጅ»ን በ«አሪሜ» ከተረጎማችሁት፣ መሳቢያ የሚያተራምሰውን ሰው ዕቃ ደርዳሪ ታደርጉታላችሁ።