ዩፒኤፍ ልማር ወይስ ሲፒኤፍ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ስለ ኃይል ቆጣቢ ቺፕ ሳነብ አንዱ ዩፒኤፍ፣ ሌላው ሲፒኤፍ ይላል። የቱን ልያዝ? (ከሳቢያን)

መልስ፦ ዩፒኤፍን ያዝ፣ ወንድሜ። ሁለቱም የቺፕ ክፍሎች ኃይል እንዴት እንደሚያገኙና መቼ እንደሚቋረጥባቸው የሚጻፍባቸው ቋንቋዎች ናቸው፤ የወጡትም እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ዩፒኤፍን አክሴሌራ የተባለው የቺፕ ዲዛይን ደረጃ አውጪ ድርጅት አጸደቀው፤ ሲፒኤፍ መነሻው ካደንስ የተባለው የቺፕ ዲዛይን ሶፍትዌር ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ዩፒኤፍ አይትሪፕልኢ 1801 የተባለ ዓለም አቀፍ የምህንድስና ደረጃ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2013ቱ እትም ደግሞ ከሲፒኤፍ በኩል የመጡ ሐሳቦች ገቡበት። ለአንድ ሥራ ሁለት ቋንቋ መኖሩ የብዙ ሰው ድካም ነበር፤ እንኳን ተቀራረቡ።

ዋናው ነገር ግን ለምን እንዳስፈለገ መረዳቱ ነው። በተለመደው የቬሪሎግ (የዲጂታል ወረዳ መግለጫ ቋንቋ) ኮድ የቱ ክፍል መቼ ኃይሉ እንደሚቋረጥ አይጻፍም። ዩፒኤፍ ይህን በቲሲኤል (የስክሪፕት ቋንቋ) ትእዛዝ ለብቻው ይጽፋል። ዲዛይኑን የሚፈትነው ሲሙሌተርም፣ ሲንተሲስ የሚሠራው (ኮዱን ወደ ሎጂክ ጌት የሚለውጠው) ሶፍትዌርም ያንኑ ፋይል ያነባሉ።

ኃይል ማቋረጥ የግድ ነው። ሥራ የፈታ ትራንዚስተርም ኃይል ያፈሳል፤ እንደ ድሬ ባለ ሙቀት ደግሞ ይብሳል። ነገር ግን የጠፋ ክፍል መውጫው ምን እንደሆነ አይታወቅም፣ በርቶ ያለውን ጎረቤቱን ያሳስታል። ስለዚህ በመሐል መውጫውን በታወቀ ዋጋ (በ0 ወይም በ1) የሚያስር አይሶሌሽን ሴል ይገባል። እዚህ ላይ ተጠንቀቅ! ሁሉንም መውጫ በ0 አትሰር። መውጫው በ0 የሚሠራ ሪሴት (ወረዳውን ወደ መነሻው የሚመልስ ምልክት) ከሆነ በ1 ነው የሚታሰረው፤ አለዚያ ጎረቤቱ ሪሴት እንደተደረገ ይቀራል።

ሁለት የኃይል ክልል ባላት ትንሽ ዲዛይን ጀምር። አንዱን አጥፍተህ አብራው፣ ከዚያ ዌቭፎርሙን (ምልክቶቹ በጊዜ ሲለዋወጡ የሚያሳየውን ሥዕል) ተመልከት።