መጀመሪያ መድኃኒቱ፣ ደብዳቤው ይደርሳል

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ቡናዬን ትቼ ነው የተነሳሁት። ታናሽሽ ኮምቦልቻ ተከራይታ ትኖራለች፤ ከትናንት ወዲያ ማታ ተደፈረች፤ ገላዋን ታጥባለች፤ ፖሊስ ጋ መሄድ አልፈልግም ብላለች። አንቺ ደግሞ «ያለ ፖሊስ ወረቀት ያክሟታል ወይ? ከታጠበች በኋላስ መሄዷ ዋጋ አለው?» ብለሻል። ለሁለቱም መልሴ አዎ ነው። አሁኑኑ ተነሱ። የቀረውን ባጃጅ ውስጥ ሆነሽ አንብቢው።

እኔ ደሴ ዙሪያ ጤና ጣቢያ ላይ ለዓመታት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት ልጅ ሰኞ ጠዋት መጣች። ሌሊቱን ነበር የተደፈረችው። «መጀመሪያ ከፖሊስ ደብዳቤ አምጪ» ብዬ መለስኳት። ሁላችንም እንዲያ ነበር የምንለው፤ ስንገባ የነገሩን እንደዚያ ነው። ልጅቷ የተመለሰችው ዓርብ ነው፣ ደብዳቤዋን በፌስታል ጠቅልላ። ደብዳቤው አለ፣ ሰዓቱ የለም። የእርግዝና መከላከያውን ሰጠኋት፤ የኤችአይቪውን ግን መስጠት አልቻልኩም። በሦስተኛው ወር ተመርምራ ነፃ ስትሆን ከእሷ በላይ አልሐምዱሊላህ ያልኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ይህን ያዢልኝ፦ ደብዳቤው ለፍርድ ቤት ነው፤ ለሕክምና አይደለም። «ወረቀት አምጡ» ካሏችሁ፣ «ፔፕ ልትጀምር ነው የመጣነው፣ 72 ሰዓት እንዳያልፍባት» በይ። ፔፕ የምንለው ኤችአይቪ ሰውነት ውስጥ ሥር ሳይሰድ የሚወሰደውን መድኃኒት ነው። በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ደግሞ ይሻላል። እሷ አሁን ወደ 40 ሰዓት ገደማ ሆኗታል። ጊዜ አላት፤ ለነገ የሚተርፍ ግን የላትም። ጤና ጣቢያው የለኝም ካለ ኤአርቲ ክፍል፣ ማለትም የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥበት ክፍል ያለው ሆስፒታል ሂዱ። ማታ ከሆነ በድንገተኛ በኩል ግቡ።

ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ «ምን ሆነሽ ነው?» ብለው ጮክ አድርገው ይጠይቋታል። ከኋላ ሰልፍ አለ፤ ግማሹም የሰፈር ሰው ነው። «የማህፀን ችግር» ብላ ትለፍ። ውነቱን የምትናገረው ውስጥ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ለሁሉም ባለ ነጭ ጋውን ደጋግማ መተረክ የለባትም።

ውስጥ ከገባች የኤችአይቪ፣ የእርግዝናና የሌሎች አባላዘር ምርመራዎች ይታዘዙላታል። የመጀመሪያው ቀን የኤችአይቪ ምርመራ የሚያሳየው ከዚህ በፊት የነበረውን እንጂ የትናንት ወዲያውን አይደለም። ይህን ሳያውቁ «ነፃ ነሽ ተባልኩ» ብለው መድኃኒቱን የጣሉ አጋጥመውኛል። ምርመራው በስድስተኛው ሳምንትና በሦስተኛው ወር ይደገማል። እርግዝና የሚከላከለው እንክብል እስከ አምስት ቀን ይሰጣል፤ እሱም ቢፈጥን ይመረጣል። ወዲያው ካስመለሳት ሳትወጣ ትንገራቸው፣ ይደግሙላታል። ለጨብጥና ለመሳሰሉት መርፌና እንክብል አለ። የጉበት ቫይረስና የቲታነስ ክትባትም ጠይቁ፤ ካልተጠየቀ ይረሳል።

አካላዊ ምርመራውን በተመለከተ፣ ሁሉም በእሷ ፈቃድ ነው። «ይሄን አልፈልግም» ማለት ትችላለች፣ መሃል ላይም ማስቆም ትችላለች። አንቺ አብረሻት መግባት ትችያለሽ። ምርመራውን እምቢ ብትልም መድኃኒቱ አይቀርባትም። ያን ቀን የለበሰችው ልብስ ካልታጠበ በወረቀት ወይም በነጠላ ጠቅልይው። ፌስታል ውስጥ ይሻግታል። ልብሱ ታጠበ አልታጠበ፣ የሚታይ ቁስል ባይኖርም አልተደፈረችም ማለት አይደለም። «ድንግልናዋ የተገሰሰው ቆይቷል፣ አዲስ ነው» የሚባለውን የድንግልና ምርመራማ ተዪው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እንደ ፈረንጆቹ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም፣ ይቁም ብሎበታል። እኛ ጋ ግን አሁንም ሽማግሌ ሁሉ ስለሱ ይጠይቃል።

አሁን ወደ 28ቱ ቀን ልምጣ፤ አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው። ፔፑ በቀን አንዴ ነው፣ ሳይቋረጥ ለ28 ቀን። የመጀመሪያው ሳምንት ያቅለሸልሻል፣ ራስ ያማል፣ እንቅልፍ ይረብሻል። በልታ ትዋጠው። ፆም ላይ ከሆነች ከሰሁር ወይም ከኢፍጣር ጋር ሰዓቷን ታስተካክል፤ ለማቋረጥ ግን ፆም ምክንያት አይሆናትም። ሌላው ብልቃጡ ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት መሆኑን ሰው የሚያውቀው ብልቃጥ ነው፣ ቦርሳ ውስጥም ይንቀጫቀጫል። አከራይዋ ሰማች አልሰማች እያለች ትሳቀቃለች። እኔ የማውቃቸው ሴቶች ጥጥ ይከቱበታል፣ ድምፁ ይጠፋል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ስንቱ መድኃኒት ግን የተቋረጠው በዚህ ነው!

ከ72 ሰዓት በኋላ ለምታነቡትም አንድ ነገር ልበል። በ2014 ጦርነቱ ወሎን ሲያዳርስ ጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ የተደፈሩ ሴቶችም ከወራት በኋላ ነው የመጡልን። ፔፑ አልፏል፤ ምርመራው፣ የኢንፌክሽን ሕክምናው፣ የሥነ ልቦናው ድጋፍ ግን አላለፈም። ያረገዘችም ብትኖር፣ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 በመደፈር የመጣ እርግዝናን በሐኪም ማቋረጥ ይፈቀዳል። ማስረጃው የሴትየዋ ቃል ነው፤ አንቀጽ 552 በግልጽ ብሎታል። የፍርድ ቤት ወረቀት የሚጠይቃት ካለ ሕጉን አያውቀውም።

ፖሊስ ጋ መሄድ አለመሄዱን ዛሬ አታስጨንቂያት። የሕክምና ውጤቷ ካርዷ ላይ ይጻፋል፣ ነገም ከነገ ወዲያም ከፈለገች ለክስ ይጠቅማታል። ብቻ የደፈራት ሰው ወገኖች ሽማግሌ ሰብስበው «በዕርቅ ይለቅ» ሲሉ እናንተ ቤት ማንም ለእሷ እንዳይመልስላት። እኛ ወሎዎች ዕርቅ እንወዳለን፤ ይሄ ግን የከብት ወይም የወሰን ጠብ አይደለም።

አንቺም «ለምን በዚያ ሰዓት ወጣሽ?» እንዳትያት። አፍሽ ላይ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ለእህቴ ልጅ ጊዜ እኔ ነርሷም ልል ነበር። ሌሊት ብትባንን ከጎኗ ተኚ። ዱአውም ጠበሉም ይሁን፣ መድኃኒቱን እስካልተካ ድረስ።

ስትጨርሱ እዚሁ ጻፊልኝ። «አልቋል» ወይም «ሰኞ ተመለሱ» ካሏችሁም ቁጭ ብለሽ አትጠብቂ፤ ወዲያው ጻፊልኝ፣ የት እንደምትሄዱ አብረን እንፈልጋለን።