«ነቅለው አይሄዱ» ላልከው

ወንድሜ ጥያቄህ «የውጭ ኩባንያ የመብራት ግሪድ (የአገሩን የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመር) ወይ ወደብ ቢገዛ አደጋው ምኑ ላይ ነው፣ ነቅሎ አይሄድ፣ ከባሰም መንግስት ይወርሰዋል» የሚል ነው። ነቅሎ አይሄድም፣ ልክ ነህ። እኔ ኤሌክትሪክ ኮንትሮል ሩም ውስጥ ለዓመታት ስለሰራሁ በዛ በኩል ልመልስልህ፣ ትንሽ ይረዝማል።

ብዙ ሰው አንድ ሌሊት ቁልፍ ተጭነው አገር የሚያጨልሙ ይመስለዋል። ዝም ብሎ መቀመጥም እኮ ይበቃል። ጀርመን ውስጥ ሬደን የሚባል የጋዝ ማከማቻ አለ፣ የአገሪቱ ትልቁ ነው፣ ወደ 4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፣ ያኔ በራሺያው ጋዝፕሮም ቅርንጫፍ እጅ ነበር። በፈረንጆቹ 2021 ብርዱ ሳይገባ መሞላት ሲኖርበት ባዶ ሊባል በሚችል ደረጃ ቀረ። ማንም ሃክ አላደረገም፣ ማንም ቧንቧ አልሰበረም፣ ሙላ ብሎ የሚያስገድድ ህግ ራሱ አልነበረም። 2022 ላይ የዩክሬን ጦርነት ሲመጣ መንግስት ኤፕሪል ላይ ኩባንያውን በባለአደራ አስተዳደር ስር አስገባው፣ ማከማቻ መሙላትም በህግ ግዴታ ሆነ። እና መውረሱ ይቻላል፣ የተረከቡት ግን ባዶውን ነው።

አሁን እኔ ወደማውቀው ልምጣ። የሰራሁበት ድርጅት መቶ በመቶ የመንግስት ንብረት ነበር፣ አንድ አክሲዮን እንኳን ለውጭ አልተሸጠም። ግን ስካዳው፣ ማለት ሰብስቴሽኖቹን (የመብራት ማከፋፈያ ጣቢያዎቹን) ከሩቅ የምናይበትና ብሬከር (የመስመሩን ማብሪያ ማጥፊያ) የምንከፍት የምንዘጋበት ሲስተም፣ ሲበላሽ የሚያስተካክለው ሲስተሙን የሸጠልን የውጭ ኩባንያ ነው፣ አገሩ ቁጭ ብሎ በሪሞት ይገባል። መስመሩ «ለጊዜው» ተብሎ ይከፈትና ሳይዘጋ ይከርማል፣ አካውንቱም የጋራ ስለሆነ ማን ገባ ምን ነካ ብለህ ሎጉን (የመግቢያ መዝገቡን) ብታየው የኩባንያውን ስም ብቻ ነው የምታገኘው። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፣ እንደውም ሌሊት ስትደውል ስልክ የሚያነሱልህ እነሱ ናቸው። የአገራቸው ህግ ካስገደዳቸው ግን እምቢ ማለት አይችሉም። የቻይና የ2017 የስለላ ህግ ድርጅቶች እንዲተባበሩ ያዛል፣ አሜሪካም በ2018 ህጓ የራሷን ኩባንያዎች ዳታው የትም አገር ይቀመጥ አምጡ ማለት ትችላለች፣ ስለዚህ የአንድ አገር ጉዳይ አድርገህ አትየው።

ለዚህ ነው «49 በመቶ ይያዙ፣ 51 ለኛ» የሚለው ክርክር ብዙም የማይጥመኝ። ፊሊፒንስ ግሪዷን በሚያስተዳድረው ኩባንያ ውስጥ የቻይናው መንግስት መብራት ኩባንያ ስቴት ግሪድ ያለው 40 በመቶ ብቻ ነው፣ ሆኖም ሴናተሮቹን ያስጨነቃቸው ሲስተሙን በትክክል የሚያንቀሳቅሰው ማነው የሚለው ነበር። ድርሻው ቦርድ ላይ ድምጽ ይሰጣል እሺ፣ የአድሚን ፓስወርዱ ግን ሌላ ሰው ጋ ሊሆን ይችላል።

ሰው የሚረሳው ሌላው ነገር ደግሞ ዳግም ሽያጭ ነው። አጣርተህ የሸጥክለት ሰው ነገ ለማታውቀው ይሸጣል። ፒ ኤንድ ኦ የሚባል የእንግሊዝ የወደብ ኩባንያ አሜሪካ ወደቦች ላይ ተርሚናል ያስተዳድር ነበር፣ 2006 ላይ የዱባዩ የወደብ ኩባንያ ዲፒ ወርልድ ፒ ኤንድ ኦን ሲገዛው ተርሚናሎቹም አብረው ሄዱ። የአሜሪካ መንግስት አጣርቶ ፈቅዶ ነበር፣ ኮንግረሱ ግን ተንጫጫ፣ በመጨረሻ ዲፒ ወርልድ የአሜሪካውን ክፍል ለአሜሪካ ኩባንያ ሸጦ ወጣ። አሜሪካ ስለሆነች ተሳካላት፣ ትንሽ አገር ብትሆን እንጃ።

የውጭ ገንዘብ አይግባ እያልኩ አይደለም፣ ግሪድ ገንዘብ ይበላል። ኮንትራቱን የማየት እድል ካገኘህ ግን ድርሻውን ትተህ ለሌላ ሲሸጥ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ፣ ኮንትሮል ሩሙ የት ነው የሚቀመጠው፣ ስፔር ፓርቱስ፣ ሶፍትዌሩስ ውል ሲፈርስ ማን ጋ ይቀራል የሚለውን ፈልግ። ከሁሉም በላይ ሪሞቱን ለአንድ ሳምንት ዘግተው የራሳቸው ልጆች ብቻ እንዲያሰሩት የሚያስገድድ ሙከራ አለ ወይ ብለህ ጠይቅ። እኛ ጋ እቅዱ ላይ ተጽፎ ነበር፣ እኔ እስክወጣ ድረስ ግን «ዘንድሮ ሎዱ (የመብራት ፍጆታው) ከብዷል፣ ለከርሞ» እየተባለ ነው የኖረው።