ከለገጣፎ ለጠየቅኸን፦ አማካዩ ባይለወጥም አይጡ ተምሮ ሊሆን ይችላል

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ «አይጦቹ ሥራውን ከለመዱ በኋላም የነርቭ ሴሎቹ ስፓይክ በሰከንድ ያው ነው፤ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?» የሚል ነው። (ስፓይክ ማለት የነርቭ ሴል የሚያወጣው አጭር የኤሌክትሪክ ምት ነው።) ዳታውን ከኢንተርኔት አውርደህ ቤትህ በላፕቶፕ እንደምትሠራም ጽፈሃል።

1. ጥሬውን ቅጂ አታውርድ። 32 ቻናል (የመቅጃ መስመር) እያንዳንዱ በሰከንድ 30,000 ጊዜ ሲለካ የአንድ ሰዓቱ ብቻ ወደ 7 ጊጋባይት ይመጣል። ፓኬጅህን ይጨርስብህና መብራት ሲጠፋ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ስፓይኮቹ ተለይተው ሰዓታቸው ብቻ የሰፈረበትን ፋይል ፈልግ። በሩ መቼ ተከፈተ፣ ድምፁ መቼ ተሰማ፣ አይጡ መቼ ታጠፈ፣ ምግቡ ጋ መቼ ደረሰ የሚለው ካልተመዘገበ ግን ፋይሉ ለዚህ ጥያቄ አይረባህም።

2. አማካዩን ተወው። አማካሪዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ስለሆነ ስንቱ ተማሪ እዚያው ሲዳክር ይከርማል። እ.ኤ.አ. በ1999 ከአንጎል ተመራማሪዋ ከአን ግሬቢል ቤተ ሙከራ የወጣው ጥናት ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። አይጦች ድምፅ ሰምተው በቲ ቅርጽ መንገድ ግራ ወይም ቀኝ ይታጠፋሉ። መጀመሪያ ላይ ብዙዎቹ የስትራያተም (ልማድ ከሚቀረጽባቸው የአንጎል ጥልቅ ክፍሎች አንዱ) ሴሎች የሚነቁት መታጠፊያው ላይ ነበር፤ ሥራው ልማድ ሲሆን መነሻውና መድረሻው ላይ የሚነቁት በዙ፣ የመታጠፊያዎቹ አነሱ። አሁን አስላው፦ ጀማሪ አይጥ በ6 ሰከንድ ሩጫ 30 ስፓይክ ቢሰጥህ 5 በሰከንድ ነው። የለመደው በ3 ሰከንድ መነሻው ላይ 8፣ መድረሻው ላይ 7፣ መሃል ላይ ዜሮ ቢሰጥህ እሱም 5 ነው። ለውጡ በሙሉ አማካዩ ውስጥ ሟሟ ማለት ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱን ክስተት ዜሮ ሰዓት አድርገህ ከ1 ሰከንድ በፊት እስከ 2 ሰከንድ በኋላ ያለውን በ50 ሚሊሰከንድ ክፍልፋይ ቁጠር። ሙከራዎቹን በቀን አትከፋፍላቸው፤ በውጤት ይሁን፦ አይጡ 50 በመቶ አካባቢ ብቻ በትክክል የታጠፈባቸው (ይህ በዘፈቀደም የሚገኝ ነው) ለብቻ፣ ከዚያ በግልጽ ያለፉት ለብቻ። ፍጥነትም ያታልላል፤ የለመደ አይጥ ይሮጣል፣ ሩጫው ራሱ ደግሞ ሴሉን ሊቀሰቅሰው ይችላል። ከሁለቱም ምድብ የሩጫ ጊዜያቸው የሚቀራረቡ ሙከራዎችን ብቻ አውጥተህ ድገመው። ልዩነቱ ከጠፋ ያገኘኸው የእግር ፍጥነት ነው።

3. የሰኞው «ሴል 5» የዓርቡ «ሴል 5» ነው ብለህ እንዳታምን። ኤሌክትሮድ (አንጎል ውስጥ የገባው ቀጭን መቅጃ ሽቦ) በማይክሮን ደረጃም ቢሆን ይንሸራተታል፣ አጠገቡ ያለ ሌላ ሴል ይተካል። በስፓይኮች መካከል ከ2 ሚሊሰከንድ ያነሰ ክፍተት ከበዛም ሁለት ሴል ተደባልቆብሃል፤ ጣለው። ነጠላ ሴል ከመከተል ይልቅ በየምድቡ ከመቶ ስንቱ መነሻው ላይ እንደነቃ ብታወዳድር ይሻላል።

ምግቡ የቀረባቸው ቀናት ዳታው ውስጥ ካሉ አትዝለላቸው። የዚያው የግሬቢል ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. የ2005 ሥራ እንዳሳየው ሽልማቱ ሲቀር የልማዱ ቅርጽ ይፈርሳል፣ ሲመለስ ደግሞ ይመለሳል። ያንተም ግራፍ እንዲህ ከታጠፈና ከተመለሰ፣ «ኤሌክትሮዱ ተንሸራቶ ነው» ለሚልህ ገምጋሚ መልስ አለህ።