ከገንዳው ጀርባ ምን ይሁን? በውስጡስ ምን ይተከል?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ከፍታው 36 ሴንቲ ሜትር የሆነ የመስታወት የዓሣ ገንዳ ገዝቻለሁ። ኒዮን ቴትራ የሚባሉትን ትንንሽ ዓሦችና ጥቂት ኮሪዶራስ ላኖርበት አስቤአለሁ፤ ውኃ ግን ገና አልሞላሁትም። ለጀርባው የባሕር ውስጥ ፎቶግራፍ የታተመበት ፖስተር፣ የድንጋይ ግድግዳ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ ፎም ወይም ጥቁር ቀለም ቀርቦልኝ ለመምረጥ ተቸግሬአለሁ። ዕፅዋቱንስ ከየትኞቹ ልጀምር? መብራቴ ከገንዳው ጋር አብሮ የመጣ ተራ ኤል ኢ ዲ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚጨምር መሣሪያ የለኝም፣ ለመግዛትም አላሰብኩም።

መልስ፦ ውኃ ከመሙላትዎ በፊት መጠየቅዎ መልካም ነው፤ የእርስዎ ገንዳ ሲሞላ ከነጠጠሩ ከ60 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን፣ አንዴ ግድግዳ ተጠግቶ ከቆመ በኋላ ጀርባውን መለወጥ ገንዳውን ባዶ የማድረግን ያህል አድካሚ ይሆናል። ስለዚህ ከጀርባው እንጀምር፤ የዕፅዋቱም ምርጫ በከፊል ከዚያ ይከተላል።

ፎሙን አልመክርዎትም። ለትልቅ ገንዳ ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር በሆነ ገንዳ ውስጥ ግን 5 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ግድግዳ ማስገባት ከወለሉ አንድ ስድስተኛውን፣ ከውኃው ደግሞ ወደ 11 ሊትር የሚጠጋውን መውሰድ ማለት ነው። ኮሪዶራስ ውሎውን ወለል ለወለል እየለቀመ የሚያሳልፍ ዓሣ እንደመሆኑ ጉዳቱ በቀጥታ የሚደርሰው በእርሱ ላይ ነው። ከዚህም በላይ ፎም በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ስለሆነ በደረቅ መስታወት ላይ የሻጋታ መከላከያ ባልተጨመረበት ሲሊኮን በደንብ መጣበቅና ሲሊኮኑም ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ መቆየት ይኖርበታል። በጠርዙ ክፍተት ከተረፈ ደግሞ ትንንሽ ዓሦች ከኋላው ገብተው መውጫ አጥተው ይሞታሉ።

ፖስተሩ ርካሽና ለመለወጥ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ የጨዋማ ባሕር ዛጎልና ኮራል በሚታይበት ፎቶግራፍ ፊት የወንዝ ዓሣና የወንዝ ዕፅዋት ማቆም ለዓይን የሚጋጭ ነገር ነው፤ የዕፅዋት ፎቶግራፍ ቢሆንም እንኳ ሥዕሉ ሁልጊዜ ከእውነተኛው ቅጠል የበለጠ ለምለም ስለሚሆን የተከሉትን ያሳንሰዋል። በወረቀቱና በመስታወቱ መካከል የሚገባው አየርም ብርማ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ፖስተሩን ከመረጡ በመስታወቱ ውጫዊ ገጽ ላይ ስስ ግሊሰሪን ቀብተው አየሩን በጠፍጣፋ ካርድ እየገፉ ቢለጥፉት ይህ ችግር ይወገዳል።

የእኔ ምርጫ ጥቁሩ ነው። ኒዮን ቴትራ በተፈጥሮው የሚኖረው በላይኛው የአማዞን ተፋሰስ፣ ዛፍ በሚያጠላባቸው ጅረቶች ውስጥ ነው፤ ብዙ ዓሦችም የቆዳቸውን ቀለም በዙሪያቸው ካለው ብርሃን ጋር ስለሚያስማሙ በነጣ ወለልና ጀርባ መካከል ይፈዝዛሉ፣ በጥቁር ፊት ግን ሰማያዊና ቀይ መስመራቸው ጎልቶ ይወጣል። ከኋላቸው የሚንቀሳቀስ ሰው ስለማይታያቸውም ይረጋጋሉ። በዚያ ላይ የማጣሪያው ቱቦና የማሞቂያው ሽቦ በጥቁር ፊት ይሰወራሉ፤ ሻጮች ይህን ጥቅም ሲያነሡ ብዙም አልሰማሁም፣ ገንዳን ንጹሕ ከሚያስመስሉት ነገሮች ግን ዋነኛው እርሱ ይመስለኛል። በውኃ የሚሟሟ አክሪሊክ ቀለም በመስታወቱ ውጫዊ ገጽ ላይ ብቻ፣ ሳስ እያደረጉ ደጋግመው ይቀቡ፤ ወደፊት ካስጠላዎት በምላጭ ተፍቆ ይነሣል። ቀለም ካስፈራዎት ጥቁር ካርቶን በፕላስተር መለጠፍም ያንኑ ውጤት ይሰጣል።

አሁን ወደ ዕፅዋቱ እንምጣ። ጥቁር ጀርባ አንድ ጣጣ አለው፤ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል በፊቱ ሲቆም ይዋጣል። ስለዚህ በኋለኛው ረድፍ ፈካ ያለ አረንጓዴ ያለውን ቫሊስኔሪያ ይትከሉ። ቅጠሉ እንደ ጥብጣብ ረዥም ሆኖ እስከ ውኃው ገጽ ይደርሳል፣ ከተስማማው ደግሞ በጠጠሩ ውስጥ አግድም እየተሳበ ራሱን ያባዛል። ፈሳሽ ካርቦን እየተባሉ ከሚሸጡት ውስጥ ግሉታራልዲሃይድ የሚባለውን ኬሚካል የያዙትን ግን አይወድም፤ ቅጠሉ ይሟሟል።

ጥቁር አረንጓዴዎቹን፣ ማለትም አኑቢያስንና ጃቫ ፈርንን፣ ወደ ፊት አምጥተው ፈዘዝ ያለ ቀለም ባለው እንጨት ወይም ድንጋይ ላይ ያኑሯቸው። ሁለቱም በደካማ መብራት፣ ያለ ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚኖሩ ታጋሾች ናቸው። የሚሞቱት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ምክንያት ነው፦ ቅጠሉና ሥሩ የሚወጡበት ወፍራም አግድም ግንድ በጠጠር ሲቀበር ይበሰብሳል። ግንዱን በክር ወይም በጥቂት ጄል ሱፐር ግሉ ከድንጋዩ ጋር አያይዘው ክፍት ይተዉት፤ ሥሩ ቀስ በቀስ ድንጋዩን ይጨብጣል። አኑቢያስ እድገቱ እጅግ ዘገምተኛ በመሆኑ ከመብራቱ ሥር በቀጥታ ሲሆን ቅጠሉን አልጌ ይለብሰዋልና ከፊል ጥላ ይፈልጉለት።

ለመካከለኛው ቦታ ክሪፕቶኮራይን ዌንድቲ ተስማሚ ነው፤ ምግቡን በሥሩ ስለሚስብ የማዳበሪያ እንክብል በአጠገቡ ይቅበሩለት። አማዞን ሶርድ የሚባለውን ግን፣ ሲገዙት ትንሽ ቢመስልም፣ ይለፉት፤ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊያድግ የሚችል ተክል ለ36 ሴንቲ ሜትር ገንዳ አይሆንም። በገበያ ላይ በውኃ ውስጥ ቆመው የሚሸጡ ሁሉ የውኃ ዕፅዋት እንዳልሆኑም ልብ ይበሉ። ዕድለኛ ቀርከሃ የሚባለው፣ በእውነቱ የድራሴና ዝርያ የሆነው ተክል፣ ቅጠሉ ከውኃው በላይ ካልሆነ ውሎ አድሮ ይበሰብሳል።

ወለሉን ለኮሪዶራስ ባርቤል፣ ማለትም በአፉ ዙሪያ ላለው ጢም መሰል መዳሰሻ፣ ሲሉ ጠርዝ በሌለው አሸዋ ይሸፍኑ፤ ለሥሩም 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ይበቃል። መብራቱን በሰዓት ቆጣሪ በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓታት ብቻ እንዲበራ ይገድቡት፣ ዕፅዋቱንም ጥቂት በጥቂት ከመጨመር ይልቅ ከመጀመሪያው በርከት አድርገው ይትከሉ፤ ባዶ ገንዳ ውስጥ የተረፈውን ብርሃንና ምግብ የሚጠቀምበት አልጌ ነው።

ጥያቄ፦ የተከልኳቸው ክሪፕቶኮራይኖች በሁለተኛው ሳምንት ቅጠላቸው እንደ ሙጫ ሟሙቶ አለቀ። ነቅዬ ልጣላቸው?

መልስ፦ አይጣሏቸው። በችግኝ ጣቢያዎች ብዙዎቹ የገንዳ ዕፅዋት የሚያድጉት ሥራቸው በእርጥበት፣ ቅጠላቸው ግን በአየር ላይ ሆኖ ነው። በውኃ ውስጥ ሲጠልቁ የአየሩ ቅጠል ስለማይጠቅማቸው ይጥሉትና ለውኃው የሚሆን ሌላ ቅጠል ያወጣሉ። ክሪፕቶኮራይን ደግሞ የውኃ፣ የሙቀትና የቦታ ለውጥ ሁሉ ስለሚረብሸው ከሌሎቹ በበለጠ ይሟሟል። የሟሟውን ቅጠል ውኃውን እንዳያበላሽ በመቀስ ቆርጠው ያውጡ፤ የግንዱን አንገት በጣትዎ ሲነኩት ጠንካራ ከሆነ ሳይነቅሉና ቦታ ሳይለውጡ ለጥቂት ሳምንታት ይታገሡት። ለስልሶ የሚሸት ከሆነ ብቻ ያውጡት።

ጥያቄ፦ ወርቃማ ዓሦቼ የተከልኩትን ሁሉ ይበሉታል፣ ያልበሉትንም ይነቅሉታል። ከእነርሱ ጋር የሚኖር ተክል አለ? የጀርባው ቀለምስ ሰማያዊ ቢሆን ይከፋል?

መልስ፦ ወርቃማ ዓሣ ለስላሳ ቅጠልን እንደ ሰላጣ ስለሚቆጥር ቫሊስኔሪያንና ሌሎች ስስ ዕፅዋትን መትከል ድካም ነው። ቅጠላቸው ጠንካራ የሆኑት አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ግን በአብዛኛው ይተርፋሉ፤ በከባድ ድንጋይ ላይ ስለሚታሰሩም ለመነቀል አይመቹም። ሰማያዊው አይከፋም፤ የብርቱካናማ ዓሣ ቀለም በሰማያዊ ፊት ይደምቃል። ጠቆር ያለውን ሰማያዊ ይምረጡ እንጂ ፈዛዛውን ይተዉት፤ በኋለኛው መስታወት ላይ የሚያቆጠቁጠው አልጌ በፈዛዛው ላይ ቶሎ ስለሚታይ በየሳምንቱ መፋቅ ይኖርብዎታል።