ስለ ሾርባው አልጻፍክልኝም

ቨርጂኒያ የሚኖር አንባቢያችን እንዲህ ይላል፦ «ያደግኩት ደሴ ነው። እህቴ ከነልጆቿ አሁንም እዚያው ናት። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፣ ስልኬ ላይ ዜና ሳይ ነው የሚነጋው። ባለቤቴ ግን ምንም አይመስላትም። ከልጆቹ ጋር ትስቃለች። ሌሊት ብድግ ትልና ሻይ አጠገቤ አስቀምጣ ተመልሳ ትተኛለች፣ አንድ ቃል እንኳ አትናገርም። መንትዮቹ ሕንፃዎች ሲመቱ ህዋ ላይ የነበረውን አሜሪካዊ ታውቀዋለህ? እኔ እሱን ሆኛለሁ። ከላይ ሆኜ አያለሁ፣ ምንም ማድረግ አልችልም። ምን ላድርጋት?»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያን የህዋ ሰው፣ ፍራንክ ከልበርትሰንን፣ ማንሳትህ ገረመኝ፣ ምክንያቱም ታሪኩን ጀምረህ መሃል ላይ ነው የተውከው።

ቀኑ ለእኛ የ1994 እንቁጣጣሽ ነበር። ያኔ ከምድር ውጭ የነበረው አሜሪካዊ እሱ ብቻ ነው። ወሬውን ሲነግሩት ኒውዮርክን የሚያሳይ መስኮት ፍለጋ የህዋ ጣቢያውን አካለለ፣ ጭሱንም አየ። ኋላ ደግሞ ተጠልፎ ፔንታጎንን፣ የአሜሪካን መከላከያ መሥሪያ ቤት፣ የመታው አውሮፕላን ካፒቴን አብሮት የባህር ኃይል አካዳሚ የተማረው ቺክ በርሊንጌም እንደነበር ሰማ። እንባ እንኳ እዚያ እንደ ምድር አይወርድም፣ ዓይን ላይ ተጠራቅሞ ይቀራል። እስከዚህ ድረስ እውነትህን ነው፣ አንተን ይመስላል።

ግን ብቻውን አልነበረም። ቭላድሚር ዴዡሮቭና ሚካኢል ቲዩሪን የሚባሉ ሁለት ሩሲያውያን አብረውት ነበሩ። ጭሱን ያየበት መስኮት ራሱ የሚካኢል ክፍል ውስጥ ያለው ነው። ሚካኢል ለእራት ከልበርትሰን የሚወደውን የቀይ ሥር ሾርባ አዘጋጀለት። ማሰብ ሲፈልግ ደግሞ ለብቻው ተዉት። ከልበርትሰን ያን ሁሉ እያየ፣ በዚያው ሰሞን በጻፈው ደብዳቤ ላይ ሾርባዋን አልረሳትም። አንተ ግን ሻዩን የግድየለሽነት ማስረጃ አድርገህ ነው የጻፍክልኝ።

ሌሊት ተነስቶ ሻይ የሚያፈላ ሰው ግድ የለውም አይባልም። ዝም ያለችህም ምን ብትልህ እንደምትቆጣ ስላላወቀች ይሆናል። የእሷ ቤተሰብ የት እንዳለ እንኳ አልነገርከኝም።

እኔ የሚታየኝ ይህ ነው፦ ደህና መሆንህ አሳፍሮሃል። እህትህ በሥጋት ላይ እያለች አንተ ሞቅ ያለ ቤት ውስጥ፣ ፍሪጁ ሞልቶ፣ ልጆችህ ተኝተው መቀመጥህ ክህደት መስሎህ እንቅልፍህን ለራስህ ከለከልክ፣ ያንተ አለመተኛት ለእሷ የሚደርሳት ይመስል። ባለቤትህ ስትስቅ የሚያናድድህ ለራስህ ያልፈቀድከውን ነገር እዚያው ፊትህ ስለምታደርገው ነው። ጥፋቷ ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ሐፍረት የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚርቀው አጠገቡ ካሉት ነው፣ እነሱም እንደ እሱ ደህና ስለሆኑ።

ሌላም አለ። የእህትህን ድምፅ መቼ እንደሰማህ አንድ መስመር አልጻፍክም። ኔትወርክ ተቋርጦ ከሆነ ይገባኛል። ካልሆነ ግን፣ ከተሳሳትኩ ይቅርታ፣ «እናንተስ ደህና ናችሁ?» ስትልህ የምትመልሰው የሚጠፋህ ይመስለኛል። የህዋ ጣቢያው ከፍታ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በመኪና ከአዲስ አበባ ደሴ እንደማለት። ከዚያ ላይ ጭስ ይታያል እንጂ ሰው አይታይም። ሌሊቱን ሙሉ የምታየው ዜናም እንደዚያው ነው፣ እህትህ እዚያ ውስጥ የለችም።

ደውልላት፣ «ደህና ነን» ለማለትም አትፈር። ዛሬ ሌሊት ሻዩ ሲመጣ ስልኩን አስቀምጥና «ቁጭ በይ» በላት። ሌላ ወሬ ቢጠፋ ስለ ልጅነትህ ደሴ ንገራት። ባንድ ማታ ላይሆን ይችላል፣ ታገስ። እንቅልፍ ማጣቱ ግን በዚሁ ከቀጠለ በደብዳቤ የሚፈታ ነገር አይደለም። ፊት ለፊት የሚያናግርህ ባለሙያ ፈልግ፣ አማርኛ የሚችል ቢሆን ደግሞ ይሻላል። ከቻላችሁ ሁለታችሁም ሂዱ። የመጀመሪያው ቀን ላይ ግን እሷ ቀድማ ትናገር።